ኮሶ ጠጥተዋል

አንኮበር ላይ ኮሶ ጠጥቶ የማያውቅ ሰው ቢፈለግ ጥርስ ያላወጣ ሕፃን ካልሆነ በቀር አይገኝም። ሰዉ ለበዓል ጥሬ ሥጋውን እንደ ጉድ ይበላል፤ ከዚያ ሆዱ ውስጥ ያደገው ትል ድርሻዬን ማለት ሲጀምር በየሁለት ወሩ ፊቱን አጨማዶ ኮሶውን ይጋታል። መኳንንቱም ይጠጣሉ፣ ቄሱም ይጠጣል፣ ገባሩም ይጠጣል። ኮሶ የጠጣ ሰው የዚያን ቀን ከቤቱ አይወጣም፣ እንግዳም አይቀበልም። ታላላቆቹ ታዲያ ይህን ልማድ ለሌላም ነገር አውለውታል። ማየት የማይፈልጉት ሰው ደጃቸው ላይ የቆመ እንደሆነ በረኛው «ጌታዬ ኮሶ ጠጥተዋል» ይላል። ሰውየውም እውነት ይሁን ማመካኛ ሳይጠይቅ እጅ ነስቶ ይመለሳል።

ዘርአ ዳዊት ይህን ኮሶ ሲለቅም፣ ሲያደርቅና ሲመጥን አርባ ዓመት ሞልቶታል። ኮሶ ሁሉ አንድ ነው የሚሉትን ሰዎች አይወዳቸውም። ሴቴው ዛፍ ላይ የሚወጣው ቀዩ አበባ ነው መድኃኒቱ፤ የወንዴው ሆድ ከመንፋት ሌላ ጥቅም የለውም። ዓመት ያለፈው ኮሶ ኃይሉ ስለሚደክም ሁለት እፍኝ ይላል፤ የዘንድሮው ግን አንድ እፍኝ ይበቃዋል። ለሽማግሌ ግማሽ ነው። የዘርአ ዳዊት እፍኝ አትስትም ይባል ነበር፤ እውነትም ስታ አታውቅም።

ታዲያ በዚያ ዓመት፣ ጥር ሊያልቅ ሲል፣ ሰውየው ደክሞት ነበር። ጉልበቱ ከደከመ ቆይቷል፤ የባሰበት የአፉ ድካም ነው። «በባዶ ሆድ ጠጡት፤ የአምናውን ከዘንድሮው አትቀላቅሉ፤ ነፍሰ ጡር ከቶ አትጠጣው።» ይህን አርባ ዓመት ደግሞታል። ሰዉም አርባ ዓመት ሙሉ «እሺ፣ እሺ» እያለ እያየው ረስቶታል። በተለይ የመጨረሻይቱን ቃል የሚሰማት የለም። በዚያ አገር ሴት ማርገዟን ሆዷ ራሱ እስኪናገርባት ድረስ ለማንም አትነግርም፤ ዓይን ይበላብኛል ብላ ከባሏም የምትደብቅ አለች። እንግዲህ እርጉዝ ነሽ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ወንድ ወይ ነውረኛ ነው፣ ወይ ዓይነ ክፉ ነው። ዘርአ ዳዊት አንድ ዓመት ሴቱን ሁሉ እየጠየቀ ኮሶ ቢሰጥ «ሆድ ቆጣሪው» የሚል ስም አወጡለት። ገበያተኛው ወደ ሌላው ባለመድኃኒት ሄደ። በዓመቱ መጠየቁን ተወ፣ መናገሩን ብቻ ያዘ። በዚያ ሳምንት ደግሞ፣ ገናና ጥምቀት ተበልተው አገሩ ሁሉ ኮሶ በሚፈልግበት ሳምንት፣ መናገሩንም ተወ። እፍኙን እየለካ፣ በቅጠል እየጠቀለለ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ ሰጠ። ማንም አስገድዶት አይደለም፤ ሰልችቶት ነው።

ማክሰኞ ጧት ሚስቱ ወለተሐና እሳት እያያያዘች ትናንት ማን መጥቶ እንደነበር ጠየቀችው። እሷ ሰኞን ስታዋልድ ነው የዋለችው።

«የወይዘሮ ሸዋወርቅ አሽከር» አላት። «ለምራታቸው ኮሶ ወስዶ ሄደ።»

ወለተሐና ጭራሮዋን እንደያዘች ቀረች። «ለበሰለች?»

«ሌላ ምራት አላቸው እንዴ?»

«አንተ ሰው!» አለች። ድምጿ ወረደ። «ሦስት ወሯ እኮ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ወለተሐና የአንኮበር አዋላጅ ናት። ባለፈው ሳምንት ራሴን አሞኛል በሚል ሰበብ በሰለች አስጠርታት፣ በር ዘግታ፣ በምስጢር ነግራታለች። ባሏ ባላምባራስ ዘመቻ ላይ ነው፤ እሱ ሳይሰማ አማቷ እንዲሰሙባት አልፈለገችም። ወለተሐናም እንደ ወጉ ለባሏ ትንፍሽ አላለችም። ዘርአ ዳዊት በበኩሉ ለማን ምን እንደሰጠ ለሚስቱ አይነግርም፤ እሱም የመድኃኒት ወግ ነው። ሁለቱ በአንድ ምድጃ ዳር ተቀምጠው፣ አንዱ የሆድ ምስጢር ሌላው የቅጠል ምስጢር ሲጠብቁ ኖረዋል።

«መቼ ነው የምትጠጣው?»

«ዛሬ» አለ ዘርአ ዳዊት። «ፀሐይ የቤቱን ደጃፍ ስትነካ ብያለሁ። እዚያ ጋራ ላይ ብርዱ ስለሚከፋ።»

«እንደ ሁልጊዜው ነግረኸዋል? ነፍሰ ጡር አትጠጣ ብለኸዋል?»

«አላልኩም።»

ወለተሐና ጭራሮዋን እሳቱ ውስጥ ከተተች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ሁለቱ ልጅ የላቸውም። ወለተሐና በወጣትነቷ ሦስት ጊዜ ፀንሳ፣ ሦስቱንም በሦስትና በአራት ወር አጥታለች። ሦስቱንም ጊዜ እንደ አገሩ ወግ ደብቃዋለች። ሦስቱንም ጊዜ እሱ በየሁለት ወሩ እንደልማዱ ኮሶውን ለክቶ፣ በጥብጦ፣ «ጠጪ» ብሎ ሰጥቷታል። ይህን ያወቁት ፀጉራቸው ሸብቶ፣ ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ አንድ የጾም ቀን ወሮቹን ወደኋላ ሲቆጥሩ ነው። ከዚያ ወዲህ አላነሱትም።

ዘርአ ዳዊት ጋቢውን አጣፍቶ ምርኩዙን ይዞ ወጣ።

የወይዘሮ ሸዋወርቅ ቤት ከአንኮበር ባሻገር ካለው ጋራ ላይ ነው። በዓይን ሲያዩት ቅርብ ነው፤ በእግር ግን ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ያንን ሁሉ ዳገት መውጣት ነው። በቅሎ የለውም። ኖሮትም አያውቅም። ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልተነሳም፤ ቁልቁለቱ ላይ ሁለት ጊዜ አንሸራቶት ወደቀ። በሁለተኛው ሲነሳ ጉልበቱ ቀጭ አለ። እንደ ወጣት መሮጥ ያማረው ልቡ ብቻ ነበር፤ እግሩ በራሱ ሐሳብ ነው የሚሄደው።

ወንዙ ጋ ሲደርስ ቀና ብሎ አየ። ፀሐይ የጋራውን ጫፍ አቅልታዋለች። ቤቱ ከጋራው በስተምዕራብ ገባ ብሎ ስለተሠራ ፀሐይ ዘግይታ ነው የምትደርሰው፤ እግዜር ይመስገን አለ። ይህን ያህል ካለ በኋላ ደግሞ በራሱ ተናደደ። ለአሽከሩ አንዲት ቃል ቢጨምር ኖሮ ዛሬ ምድጃው ዳር ይሞቅ ነበር። አንዲት ቃል! ለዚያች ቃል መስነፉ አሁን ይህን ሁሉ ዳገት አስወጣው። ደግሞም፣ አለ በልቡ፣ ብናገርስ ያ ደንቆሮ አሽከር «እመቤቴ፣ ያረገዘች አትጠጣ ተብሏል» ብሎ አማትና ምራት ፊት ሊናገር ኖሯል? አይናገርም። ይህም እውነት ነው። እውነት መሆኑ ግን አላጽናናውም።

በየጥዱ ሥር እየቆመ ይተነፍስ ነበር። በቆመ ቁጥር ፀሐይዋ ወረድ ብላ ያያታል። እርሻው ላይ፣ ከዚያ የእርሻው ካብ ላይ፣ ከዚያ የቤቱ ክዳን ጉልላት ላይ። ዳገቱን ጨርሶ ሲወጣ ክዳኑ እኩሌታው በርቶ ነበር።

ደጁ ላይ እንደ ሁልጊዜው ሰው ተኮልኩሏል። አቤቱታ ያለው፣ ዕዳ ያለበት፣ ዘመድ የታሰረበት፤ አሥራ አምስት የሚሆኑ ወንድና ሴት ካቡን ተደግፈው ፀሐይ ይጠብቃሉ። በረኛው ታመነ ጦሩን ታቅፎ በሩ ላይ ተቀምጧል።

«እንደምን አደርክ፣ ታመነ። አስገባኝ» አለ ዘርአ ዳዊት፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

«እግዜር ይመስገን፣ አያ ዘርአ ዳዊት። ዛሬ እንኳ አይገባም። እመቤቶቼ ኮሶ ጠጥተዋል።»

ዘርአ ዳዊት ካቡን ያዘ። «ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

«መቼ?»

ታመነ ቀና ብሎ አየው። ይህን ጥያቄ ጠይቆት የሚያውቅ ሰው የለም። ታመነ በረኛ ከሆነ ወዲህ ኮሶ ጠጥተዋል ሳይል ያለፈ ሳምንት የለም፤ በበዓል ማግስትም ይለዋል፣ በጾምም ይለዋል።

«ታመነ፣ በእግዜር ይዤሃለሁ» አለ ዘርአ ዳዊት ጠጋ ብሎ። «ጠጥተዋል ስትል እውነት ጠጥተው ነው? ወይስ ያችው የሁልጊዜዋ ናት?»

«እኔ ምኑን አውቄ፣ አያ። ጠጥተዋል በል ሲሉኝ ጠጥተዋል እላለሁ። ዋንጫቸውን አላየሁ።»

«እንግዲያው ግባና ለወይዘሮ ሸዋወርቅ በጆሯቸው ንገርልኝ። ባለመድኃኒቱ ደጅ ቆሟል፣ በመድኃኒቱ ነገር ነው፣ በል።»

«ከዚህ በር ብንቀሳቀስ ጅራፍ ነው የሚጠብቀኝ። ነገ ይምጡ።»

«ነገ!»

ዘርአ ዳዊት ክዳኑን ቀና ብሎ አየ። ፀሐይ ከክዳኑ ወርዳ ግድግዳውን ይዛለች። ደጃፉ በአጥሩ ተሸፍኖ አይታይም። ከጠጣችም አሁኑኑ ከደረሰ ሊያስታውካት ይችላል፤ ትንሽ ከቆየ ግን ምንም ማድረግ አይቻልም። ከኋላው ደግሞ አሥራ አምስት ሰው ጆሮውን አቁሞ ቆሟል። የሚጮኸው ነገር ምን እንደሚያመጣበት ከማንም በላይ እሱ ያውቃል። ሆድ ቆጣሪው ያሉት እኮ በጆሮ ቢጠይቅ ነው።

«አቤት!» ብሎ ጮኸ። «አቤት! አቤት!»

ከውስጥ የመለሰ የለም። በዚያ ደጅ አቤት የማይል የለምና ማን ይስማው። ታመነ ሊይዘው ተነሳ። ዘርአ ዳዊት አጥሩን በሁለት እጁ ጨብጦ ያለ የሌለ ድምፁን አወጣው።

«በሰለች ነፍሰ ጡር ናት! ኮሶውን እንዳትጠጣ! ያረገዘች ሴት ኮሶ አትጠጣም፣ ያስወርዳታል! እንዳትጠጣ!»

ካቡን የተደገፉት ሰዎች አፋቸውን ይዘው ቀሩ። ታመነ እንኳ የያዘውን ክንዱን ለቀቀው፤ እንዲህ ያለ ነገር ለተናገረ ሰው ምን እንደሚደረግ አልተነገረውም።

ጥቂት ቆይቶ በሩ ከውስጥ ተከፈተ። አንዲት ገረድ ዓይኑን ሳታይ «ይግቡ ተብሏል» አለችው።

ወይዘሮ ሸዋወርቅ አልጋቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ኮሶ አልጠጡም፤ ፊታቸውን አይቶ አወቀ። በሰለች መደቡ ጫፍ ላይ ናት፤ አሥራ ስድስት ቢሆናት ነው። ዋንጫውን በሁለት እጇ ይዛዋለች። ዘርአ ዳዊት ከልጅቷ በፊት ዋንጫውን አየ። እስከ አፉ ሙሉ ነው። ዝቃጩ ረግቶ ውኃው ከላይ ጠርቷል፤ ብዙ ጊዜ ይዛው ተቀምጣ ኖሯል። ማቅለሽለሹ አላስጠጋት ብሎ፣ እንቢ ማለቱን ፈርታ፣ ቆይ ትንሽ፣ ቆይ ትንሽ ስትል።

ዘርአ ዳዊት ደስታ ይሰማኛል ብሎ ነበር። መቀመጥ ብቻ ነው ያማረው። ግን ተቀመጥ ያለው የለም።

«እውነት ነው?» አሉ ወይዘሮ ሸዋወርቅ። ምራታቸውን ነው የጠየቁት።

በሰለች ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። መልሱ ያ ነበር።

እሜቴ ወደ ዘርአ ዳዊት ዞሩ። «አንተስ ማን ነገረህ?»

ወለተሐና ትዝ አለችው። ስሟን ቢጠራ ከእንግዲህ ማንም ሴት ምስጢሯን አትሰጣትም፤ ያ ሁሉ የምታዋልደው ቤት ይዘጋባታል።

«ማንም አልነገረኝም፣ እሜቴ። ትናንት መጠየቅ ነበረብኝ፣ አልጠየቅሁም። ቢያንስ መናገር ነበረብኝ፣ አልተናገርሁም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ማንም ሳይነግርህ የሰው ሆድ ውስጥ ያለውን ታያለህ ማለት ነው?»

ዘርአ ዳዊት ዓይኑን ከዋንጫው ላይ አላነሳም።

«የልጄን ልጅ በዚያ ሁሉ ለማኝና በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት አሰጣኸው» አሉ። ድምፃቸው አልጮኸም፤ ጮኸው ቢሆን ይሻለው ነበር። «እንደ በግ ደጅ ላይ ጠራኸው። ከዛሬ ጀምሮ ደጄን እንዳትረግጥ። ይህ ፅንስ አንድ ነገር ቢሆን፣ ሰበቡን ከኮሶው አልፈልግም። አፍህ ነው። ባላምባራስ ሲመለስ ያነጋግርሃል።»

«ይሁን፣ እሜቴ» አለ። «ኮሶውን ግን አስደፉት። ለገረዶቹም እንዳይሰጥ፤ የዘንድሮ ነው፣ ኃይለኛ ነው።»

በዚህ ሰዓት ስለ ገረዶቹ ማሰቡ እሜቴን አናደዳቸው እንጂ አላስደሰታቸውም። በእጃቸው ሂድ አሉት። በሰለች በነጠላዋ ውስጥ እንደተሸፈነች፣ አጠገቧ ሲያልፍ በቀስታ እትፍ እትፍ አለች። ለዓይኑ ነው። አልተቀየማትም። ልጅ ናት፣ ፈርታለች፤ ዋንጫው ሙሉ ነው፤ ሌላው ሁሉ ይቅር።

ደጁ ላይ ሲወጣ ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። ለክብሩ አይደለም። ሴቶቹ ልጆቻቸውን ወደ ጉያቸው ሰበሰቡ፤ አንዱ ሽማግሌ አማተበ። ይህ ወሬ ከሱ ቀድሞ አንኮበር እንደሚገባ አወቀ። እስከ መጪው ገበያ ድረስ ሆድ ቆጣሪ መባሉ ቀርቶ ቡዳ ይሆናል። ልጁ በሰላም ቢወለድ ማንም አያመሰግነውም፤ ያልሞተ ልጅ ያልሞተው በማን ምክንያት እንደሆነ ማን ይቆጥራል? ቢጨነግፍ ግን እሱ ነው የሚጠየቀው። እንግዲህ ስድስት ወር በሰው ሆድ ተይዞ መኖር ነው። ድካሙ አሁን ከጉልበቱ አልፎ አጥንቱ ውስጥ ገባ።

ቁልቁለቱን ጀምሮ አንድ ሃያ እርምጃ እንደወረደ ከኋላው ኮቴ ሰማ።

«አባቴ» አለች አንዲት ሴት። ራሷን በጥቁር ሻሽ ያሰረች፣ ከቆላው ወገን የሆነች ሴት ናት። ደጁ ላይ ካቡን ተደግፈው ከነበሩት አንዷ ናት፤ ሌሎቹ ሲሸሹት እሷ ተከትላዋለች። ወገቧን በአንድ እጇ ይዛ ነው የምትራመደው።

«ምን ልርዳሽ?»

«አሲያ እባላለሁ፣ ከአልዩ አምባ ነኝ። ወንድሜ ታስሮብኝ አቤት ልል ነው የመጣሁት።» ቆም ብላ ተነፈሰች። «ቅድም የጮኹት እውነት ነው?»

«የቱ?»

«ያረገዘች ኮሶ አትጠጣ ያሉት።»

ዘርአ ዳዊት አያት። ፊቷን አያውቀውም። «እውነት ነው» አለ።

«አርብ ገበያ ከእርስዎ ወስጄ ነበር። ሰዉ ከቦዎት ነበር፤ ቀና ብለው አላዩኝም። እፍኝ ሰጡኝ፣ ሄድኩ።»

«ጠጣሽው?»

«እሑድ ጧት።»

ዘርአ ዳዊት ምርኩዙን መሬት ላይ ተከለና ተደገፈበት። ያንን የተጠላበትን፣ ስም የወጣለትን፣ አፉ የደከመውን ጥያቄ አሁን ጠየቀ። «ስንት ወርሽ ነው?»

ሴትዮዋ ግራ ቀኝ አየች። በሕይወቷ ይህን ወንድ ጠይቋት አያውቅም፤ ግን መለሰችለት።

«አራተኛ ወሬን ይዤ ነበር» አለች። «ከትናንት ጀምሮ ወገቤን ይቆርጠኛል፣ ደምም አይቻለሁ። ወላሂ፣ አባቴ፣ ትሉ እየለቀቀኝ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

የዘርአ ዳዊት ዓይን ሞላ፤ አልደበቀውም።

«ተነሽ፣ ሚስቴ ዘንድ እንሂድ» አላት፣ ቆማ ሳለች። «እሷ ታውቃለች። እኔ ለክቼ ነው የሰጠሁሽ፣ እኔ ነኝ የምወስድሽ።»

«ይተርፋል?»

«አላውቅም፣ ልጄ።»

ምርኩዙን ሰጣትና በእሷ እርምጃ ልክ ቁልቁለቱን ወረዱ።